ኪቦርዱን ማን ይቃኘው?

በአትላንታ ለኢትዮጵያውያን ወጣት ኪቦርዲስቶችና ለወላጆቻቸው የቀረበ ዲስኩር

ወላጆች፣ ልጆቻችሁን በር ላይ አውርዳችሁ ከመመለስ እዚሁ ስለተቀመጣችሁ አመሰግናለሁ፤ የማወራው እናንተንም ይመለከታል። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፤ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በእኛ ሰው ዘንድ በኪቦርድ ላይ የሚቀርብ የቆየ ክስ አለ። «ባንዱን ያጠፋው፣ ቅኝታችንን ያበላሸው ኪቦርድ ነው» ይባላል። ሠርግ ላይ ይባላል፣ ምግብ ቤት ይባላል፣ አዲስ አልበም በወጣ ቁጥር ይባላል። ባለክሶቹ ጆሮ ስለሌላቸው አይደለም፤ ብዙዎቹ ሮሃ፣ ዳህላክና ኢትዮ ስታርስ የተባሉትን ባንዶች በአካል የሰሙ ሰዎች ናቸው። እኔ ግን ክሱ የተሳሳተ በር እያንኳኳ ነው እላለሁ፤ ለምን እንደሆነም ላስረዳ።

ከባንዱ ልጀምር። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ለዓመታት የሰዓት እላፊ ነበር። ሌሊት የሚሠራ ሰው ሌሊቱ ሲወሰድበት ምን ይሆናል? ባንዶቹ ትልልቅ ሆቴሎች ውስጥ ተጠለሉ፤ ዋልያስ ባንድ ሂልተን ውስጥ ዓመታት የሠራው በዚያ ጊዜ ነው። ሸክላው ቀረና ካሴት ነገሠ። በ1981 ዋልያስ አሜሪካን ሊዞር መጣ፤ ጉዞው ሲያልቅ ከፊሎቹ ተመለሱ፣ ከፊሎቹ እዚሁ ቀሩ። ከቀሩት አንዱ የባንዱ ኪቦርዲስት ኃይሉ መርጊያ ነው።

ኃይሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የዛሬው ነገር በሙሉ እሱ ውስጥ አለና። በ1985 ዋሽንግተን አካባቢ ብቻውን ስቱዲዮ ገባ። የያዘው የልጅነቱን መሣሪያ አኮርዲዮን፣ ሮድስ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ያኔ ገና ሁለት ዓመት የሞላውን ያማሃ ዲኤክስ 7 ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን ነበር። አጃቢ አልነበረውም። አንዱን ድምፅ ቀድቶ ሌላውን በላዩ እየደረበ፣ ዛሬ እናንተ ላፕቶፕ ላይ የምታደርጉትን እሱ በቴፕ አደረገው። «ሸሞንሟናዬ» ያለበት ካሴት እንዲህ ተሠርቶ አገር ቤት ተሸጠ፤ ከዚያም ተረሳ። ብዙ ዓመት ቆይቶ ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አገኘው፤ በ2013 እንደገና ታተመ። ኃይሉ በመሃሉ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዳ ነበር። ኪቦርድ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አይለይም፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ከዚያ ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ»ን አወጣ።

ያንን ካሴት የሰማ ሰው ኪቦርድ ነፍስ የለውም ለማለት ይቸገራል። ማሽኑ እዚያ ውስጥ የሚሠራው ለአንድ ሰው ትዝታ ነው። አኮርዲዮኑ ከፊት ነው፣ ዲኤክስ 7 ያጅባል፣ ድራም ማሽኑ ሰዓት ይጠብቃል። ማን ጌታ፣ ማን ሎሌ እንደሆነ ግልጽ ነው።

ታዲያ «ኪቦርድና ዘፋኝ» ብቻ የቀረው ለምንድን ነው? የሂሳብ ጉዳይ ነው። እዚህ አትላንታም ሆነ ዋሽንግተን፣ ሃያ ጠረጴዛ ያለው ምግብ ቤት ለስድስት ሙዚቀኛ የሚከፍለው የለውም። ለሁለት ይከፍላል። ባንዱን ያፈረሰው ይህ ሂሳብ ነው፤ ኪቦርዱ ባዶ ቦታ አገኘና ተቀመጠ። ስለዚህ ክሱ ላይ ከዚህ በላይ አልቆይም።

ሁለተኛው ክስ ግን ከባድ ነው። ቅኝት።

እዚህ ላይ ወንበራችሁን ጠጋ አድርጉ፤ መሣሪያው በውስጡ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ያስፈልጋል። በጥር 1983 ካሊፎርኒያ፣ አናሃይም በተደረገ የሙዚቃ መሣሪያዎች ትርዒት ላይ የሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች ኪቦርዶች በአንድ ገመድ ተገናኙ። አንዱ የአሜሪካዊው ሴኩዌንሺያል ፕሮፌት 600፣ ሌላው የጃፓኑ ሮላንድ ጁፒተር 6። አንዱ ሲነካ ሌላው አብሮ ዘፈነ። ሚዲ የምንለው ቋንቋ በሕዝብ ፊት የተገለጠው ያን ጊዜ ነው። ሐሳቡን የገፉት ዴቭ ስሚዝና ኢኩታሮ ካኬሃሺ በ2013 የቴክኒክ ግራሚ ተሸልመውበታል። ኩባንያዎቹ ቋንቋውን ለሁሉም ክፍት አድርገው በነፃ ለቀቁት፤ በአርባ ዓመት ውስጥ ያልሞተውም ለዚህ ይመስለኛል።

ሚዲ ድምፅ አይጭንም። ቁልፍ ስትጫኑ በገመዱ የሚሄደው ቁጥር ነው፤ ከ16 ቻናሎች በየትኛው፣ ከ0 እስከ 127 ካሉት ቁልፎች የትኛው፣ በምን ያህል ጉልበት ተነካ። ኮንትሮለር የምትሉት፣ ከላፕቶፕ ጋር በዩኤስቢ የምትሰኩት ኪቦርድ፣ ከዚህ በላይ ምንም የለውም። ብቻውን ብታበሩት ዝም ነው። መካከለኛዋ ዶ ስትነካ «60» ይላል። ምን ያህል ቀጭን፣ ምን ያህል ወፍራም ትሁን አይልም። ያንን የሚወስነው ቁጥሩን የሚቀበለው ወገን ነው፤ ሲንተሳይዘሩ ወይም ሶፍትዌሩ።

የቤተ ክርስቲያናችንን የዜማ ምልክት የምታውቁ ይህ አዲስ አይሆንባችሁም። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት የሚነገርለት ምልክት ፊደል ነው እንጂ ዜማ አይደለም። ከቃሉ በላይ ትንንሽ ፊደላት ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ በቃል የተጠና አንድ የዜማ ሐረግ ያስታውሳል። ያልተማረ ሰው ምልክቱን ቢያየውም አይዘምረውም። ዜማ የሚሆነው መሪጌታው ጋ ሲደርስ ነው። ሚዲም እንዲሁ ነው፤ 60 ቁጥር መሪጌታ ይፈልጋል።

መሪጌታው ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ የተማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኦክታቩን ለ12 እኩል የመክፈልን። አንዱ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት፣ ሁሉም ከሁሉም እኩል። ከቅኝቶቻችን ትዝታ በዚህ ላይ ብዙ አይጎዳም፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብላችሁ ስትጫወቱ ቅር የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ባቲም ይችለዋል። አምባሰል ላይ ጆሮ መኮሳተር ይጀምራል። አንቺሆዬ ላይ ግን ነገሩ ይገለጣል። በኪቦርድ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ብለን እናልፈዋለን፤ የማሲንቆ ተጫዋች ጣት ግን የሚያርፈው ቁልፍና ቁልፍ መሃል ነው፣ ያውም ከአንዱ ተጫዋች ወደ ሌላው፣ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ይለያያል። ልጆቻችን አንቺሆዬን መጀመሪያ የሚሰሙት ከኪቦርድ ከሆነ፣ ኋላ እውነተኛውን ሲሰሙ «ማሲንቆው ተበላሽቷል» ይላሉ። ይህን ያለ ልጅ ሰምቻለሁ። አልፈረድኩበትም፤ የሚያወዳድርበትን የሰጠነው እኛ ነን።

እንግዲህ ክሱ እውነት ነው ማለት ነው? ግማሹ። ፋብሪካው አንድ ቅኝት ሞልቶ ሸጠልን፤ ግን በሩን አልቆለፈውም። የመጀመሪያው ዲኤክስ 7 ቅኝት አያስቀይርም ነበር። ተከታዩ ዲኤክስ 7 ቱ፣ በ1987 የወጣው፣ ያስቀይር ነበር። ስንቶቻችን ከፍተነዋል? በ2017 የመጣው የኮርግ ሞኖሎግ ትንሽ ርካሽ ሲንተሳይዘር ነው፤ የራሳችሁን የቅኝት ሰንጠረዥ በውስጡ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። በ2024 አብልተን ላይቭ 12 የተባለው የሙዚቃ ሶፍትዌር ቅኝት መምረጫ ገጽ ይዞ መጥቷል፤ ሎጂክ ፕሮም የራሱ አለው። የያማሃ ፒኤስአር ወይም የኮርግ ፒኤ ኪቦርድ ያላችሁ ደግሞ፣ ማለትም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁት አብዛኞቹ፣ «ስኬል» የሚል ገጽ አላችሁ። እያንዳንዷን ኖታ ለየብቻ በሴንት ከፍና ዝቅ የምታደርጉበት ነው።

ያ ገጽ ለማን እንደተሠራ ታውቃላችሁ? ለአረብና ለቱርክ ሙዚቀኞች። የሩብ ድምፅ ካልተጫወተልን አንገዛም ያሉ ገበያዎች ስለሆኑ ያማሃም ኮርግም የእነሱን መቃኛ፣ ዑዳቸውን፣ ዳርቡካቸውን ሠርተው ሰጧቸው። እኛ ያንኑ ኪቦርድ ገዛን፣ የአረቡን ስታይል ትተን በፍላሽ የሚዘዋወር የኢትዮጵያ ስታይል ጫንበት፣ «ስኬል» የሚለውን ገጽ ግን ሳንነካው ቀረን። እኔ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ኪቦርድ መግዛታችን አይቆጨኝም።

ያለ ሰንጠረዥም ቢሆን መንገድ አለ። በግራ እጃችሁ ያለው የፒች ቤንድ ጎማ 16,384 ደረጃዎች አሉት። ሲመጣ ሁለት ግማሽ ድምፅ ወደ ላይና ሁለት ግማሽ ድምፅ ወደ ታች ብቻ ነው የሚሄደው፤ ማለትም በአንድ ሴንት ውስጥ 40 ያህል ደረጃ አለ። የሰው ጆሮ ያንን አይለይም፤ እጃችሁ ካልሰነፈ ማሲንቆን ለመከተል ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ ሌላ ነው፤ ጎማው በአንድ ቻናል ላይ ያለውን ሁሉ አብሮ ያጎብጣል። ዜማውን ሳብ ስታደርጉ በቀኝ እጅ የያዛችሁት ኮርድም ይንሸራተታል። ስለዚህ ዜማውን በአንድ ቻናል፣ አጃቢውን በሌላ ቻናል ለዩ። በ2018 የጸደቀው ኤምፒኢ የሚባለው አሠራር ለእያንዳንዷ ኖታ የራሷን ቻናል ይሰጣል፤ ገንዘብ ያለው እሱን የሚያውቅ ኮንትሮለር ይግዛ፣ የሌለው ሁለት ቻናል ይበቃዋል።

አሁን ወደ ምት ልሻገር፤ አትላንታ ነን፣ የምት ከተማ።

ሮላንድ ቲአር 808 የተባለው ድራም ማሽን ከ1980 እስከ 1983 ብቻ ነው የተመረተው፣ 12,000 ያህል። ሲወጣ እውነተኛ ከበሮ አይመስልም ተብሎ ተናቀ። ተመርቶ ሲያበቃ በሁለተኛ እጅ ረከሰ፤ ረክሶም ገንዘብ የሌላቸው ወጣቶች እጅ ገባ። ያ ረጅም፣ መስኮት የሚያርገበግብ የባስ ድምፅ ዛሬ የዚህ ከተማ የትራፕ ሙዚቃ ወለል ነው። ዛሬ ብዙው ከሶፍትዌር ነው የሚወጣው፤ ድምፁ ግን ያው የ808 ነው።

ዛይቶቨንን የማታውቁት ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ጠይቁ። የጉቺ ሜይንን «አይሲ»፣ የሚጎስን «ቨርሳቺ» የሠራ ሰው ነው። ሙዚቃውን የሚሠራው ቤቱ ምድር ቤት ነው፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይጫወታል። ትራፕ ውስጥ የሚሰሙት እነዚያ ፈጣን፣ የሚሮጡ የፒያኖ ሐረጎች የቤተ ክርስቲያን እጅ ናቸው። ይህን የማነሳው የዘፈኖቹን ግጥም ለማመስገን አይደለም። ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ኪቦርድ የጀመራችሁት በእሑድ አምልኮ ላይ ስለሆነ ነው። መዘምራን ሳይነግሯችሁ ወደ ሌላ ድምፅ ሲሻገሩ መከተል የለመደ እጅ፣ ማውስ ይዞ ነጥብ ከሚያስቀምጥ ሰው በብዙ ይቀድማል።

ሚጎስ ያደጉት ግዊኔት ካውንቲ ነው፤ ብዙ ቤተሰቦቻችን የሚኖሩበት። «ቨርሳቺ» ያስለመደው የራፕ አነጋገር አንዱን ምት ለሦስት የሚከፍል ነው። ሦስት! እኛ ከዚያ ውጭ ምን አለን? ችክችካ ስድስት ስምንተኛ ነው፤ እስክስታው የሚወርደው በዚያ ላይ ነው። ሶፍትዌሩን ስትከፍቱ ግን የሚቀበላችሁ አራት አራተኛ፣ 16 ክፍል ያለው ፍርግርግ ነው። ብዙ ልጆች ችክችካን በ16 ውስጥ ለማስገባት ሲታገሉ አያለሁ፤ የሚወጣውም የሚያነክስ ነገር ነው። መፍትሔው ደቂቃ አይፈጅም፤ የመለኪያውን ምት ስድስት ስምንተኛ አድርጉ፣ ወይም ስቴፕ ሲኩዌንሰሩን 12 ላይ ጨርሱት። አብዛኛው ድራም ማሽን የመጨረሻውን ስቴፕ እንድትመርጡ ይፈቅዳል። ሌላም ልጨምር፤ ኳንታይዝ፣ ማለትም ምቱን በፍርግርጉ ላይ ማስተካከል፣ ሙሉ በሙሉ አታድርጉ። ከበሮ መቺ ሁለተኛዋን ምት በትክክል ፍርግርጉ ላይ አያሳርፍም፤ ዳንኪራውን የሚያነሳው ያ ትንሽ መዘግየትና መቅደም ነው። ግማሽ ያህል አስተካክሉ፣ ግማሹን ለእጃችሁ ተዉለት።

እጅ ካልኩ፣ ስለ መዘግየት አንድ ቃል። ቁልፉን ስትነኩና ድምፁን ስትሰሙ መካከል ያለው ጊዜ በሶፍትዌሩ ውስጥ በባፈር ይወሰናል። በሰከንድ 44,100 ናሙና ሲሠራ ባፈሩ 128 ናሙና ከሆነ መዘግየቱ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ ድምፅ በአየር አንድ ሜትር ለመጓዝ የሚፈጅበትን ያህል። 1024 ካደረጋችሁት ግን 23 ይሆናል፣ በዚያ ላይ የኦዲዮ ኢንተርፌሱ የራሱን ይጨምራል። ፓድ ለዝግታ ዘፈን ያንን ይችላል፤ ችክችካ አይችለውም። ስትቀዱ አሳንሱት፣ ስታቀናብሩ ከፍ አድርጉት።

ሲንተሳይዘር ከላፕቶፕ ጋር ስታገናኙ ሁለት ገመድ እንዳለ አትርሱ። በአንዱ ቁጥሩ ይሄዳል፣ በሌላው ድምፁ ይመጣል። «ዩኤስቢ ሰክቼ ለምን አልተቀዳም?» የሚለው ጥያቄ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ነው፤ በብዙዎቹ መሣሪያዎች ዩኤስቢው ቁጥር ብቻ ነው የሚያደርሰው፣ ለድምፁ የጃክ ገመድ ያስፈልጋል። ኖታው እጥፍ ሆኖ ከተሰማችሁ ደግሞ «ሎካል» የሚለውን አጥፉ፤ ኪቦርዱ አንዴ በራሱ፣ አንዴ በላፕቶፑ ትእዛዝ እየጮኸ ነው።

ወላጆች የምትጠይቁኝን አውቃለሁ፤ «ላፕቶፑ ሁሉን ከሠራ ሃርድዌር ለምን እገዛለሁ?» መግዛት የለባችሁም። ልጁ ለመጀመር 61 ቁልፍ ያለው ተራ ኮንትሮለርና ላፕቶፕ ይበቃዋል፤ 25 ቁልፍ ያለውን ግን ተዉት፣ ሁለት እጅ አይችልም። አንድ ሃርድዌር ሲንተሳይዘር የምመክረው ኋላ ነው፣ ምክንያቴም ቅኝት ነው። ሰንጠረዡን በውስጡ አስቀምጣችሁ መድረክ ላይ ስትወጡ፣ ማሽኑ ሲበራ ተቃኝቶ ይነሳል። ላፕቶፑ ዝመና ልጫን ብሎ ዘፋኙን አያስጠብቅም።

አዲሱን ከነባሩ የማገናኘቱን መንገድ የጀመርነው እኛ አይደለንም። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ከዚህ በመኪና አምስት ሰዓት በማይሞላው በታላሃሲ፣ በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። የጃፓንን ኮቶ ከክላርኔትና ከቫዮሊን ጋር ያገናኘውን «ኮቱራሲያ»ን የጻፉ ሰው ናቸው፤ መሣሪያን ከመሣሪያ ማገናኘት አላስፈራቸውም። ሙላቱ አስታጥቄ በ2007 ሃርቫርድ በሚገኘው ራድክሊፍ ተቋም ሳሉ የአገር ባህል መሣሪያዎችን በማዘመን ላይ ሠርተዋል፤ ክራርን ማሻሻል ከሐሳቦቻቸው አንዱ ነበር። አገር ቤት ኤልያስ መልካ በ2019 እስኪያርፍ ድረስ ኮምፒዩተርን ከእጅ መሣሪያ ጋር አዋሕዶ የአንድ ትውልድን ድምፅ አቀናብሯል፤ የዘሪቱ ከበደን የመጀመሪያ አልበም አድምጡ።

እዚህ ከተማ ደግሞ ጆርጂያ ቴክ አለ። የጉትማን ውድድር በሚባለው መድረክ ላይ ከዓለም ዙሪያ አዳዲስ የሙዚቃ መሣሪያ የሠሩ ሰዎች ይመጣሉ። ሚዲ የሚልክ ክራር እዚያ ቢቀርብ ለምን ይገርማል? አምስት ወይም ስድስት ክር ነው፤ እያንዳንዱ ክር በየራሱ ቻናል፣ እያንዳንዱ በየራሱ ቅኝት። ከመካከላችሁ ምሕንድስና የምትማሩ ስላላችሁ ነው የምናገረው።

እስከዚያው ድረስ ከእናንተ የምፈልገው ሥራ ቀላል ነው። ክራር ወይም ማሲንቆ የሚጫወት ሰው በየቤተሰቡ፣ በየማኅበሩ አለ። ሄዳችሁ አንቺሆዬን ቃኝልኝ በሉት። እሱ ሲቃኝ አታርሙት፣ የስልክ ቲዩነርም አታሳዩት። እያንዳንዱን ክር ለየብቻ፣ በቀስታም በኃይልም እየነካ ይቀዳ፤ ድምፁ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ አታቋርጡ። ሶፍትዌሩ ላይ እያንዳንዱ ክር ከፒያኖው ስንት ሴንት እንደራቀ አንብቡና ጻፉ። ከጎኑ የተጫዋቹን ስምና የተማረበትን አገር ጻፉ፤ የጎጃሙና የወሎው አንድ ላይሆን ይችላልና አማካይ አታውጡለት። በገና ከሆነ አሥር ክር ነው፣ የእንዚራው፣ ማለትም ክሩን የሚያስነዝረው ቆዳ፣ ንዝረት ጊዜ ይፈልጋል፣ ረጅም ቅዱ። በገናን ለጭፈራ ቢት ማዋል ይቻላል ወይ የሚለኝ አይጠፋም። በቴክኒክ ይቻላል፤ እኔ አላደርገውም።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ አንድ ክራር፣ አንድ ማይክሮፎን፣ አንድ ኮንትሮለርና «ስኬል» ገጹ የተከፈተ ኪቦርድ አለ። ኪቦርዳችሁን ያመጣችሁ በግራ በኩል ተሰለፉ፤ ከሬ ቤሞል እንጀምራለን።